ቪፒኤኑ «ተገናኝቷል» ይላል፤ ፋይሉ ግን አይከፈትም

ባለፈው ክረምት፣ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ላፕቶፔ «ተገናኝቷል» አለኝ። አረንጓዴዋ ምልክት በርታለች፤ ከቤት ሆኜ ወደ መሥሪያ ቤቴ ኔትወርክ በታሸገ መንገድ የሚያስገባኝ ቪፒኤን የይለፍ ቃሌን ተቀብሏል፤ ከባልደረቦቼ ጋር የምንጻጻፋቸው አጫጭር መልእክቶች ይሄዳሉ፣ ይመጣሉ። የሥራ ፋይሎች ያሉበትን ፎልደር ልከፍት ስል ግን የመጠበቂያዋ ክብ መዞር ጀመረች። አቦል ተጠጣ፣ ቶና ተጠጣ፣ ክቧ አሁንም ትዞራለች።

ጠረጴዛዬ ሥር አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አለ። ዴቢያን ሊኑክስ ጭኜበት፣ ሁለተኛ የኔትወርክ ካርድ ጨምሬበት፣ የቤታችን የኢንተርኔት በር አድርጌዋለሁ። በአንዱ ካርድ ከአቅራቢው ሞደም ጋር፣ በሌላው ከቤቱ ዋይፋይ ጋር ይገናኛል፤ ስልኩም፣ ቴሌቪዥኑም፣ ላፕቶፑም የሚወጡት በእሱ በኩል ነው። ባለቤቴ ለዚህ ኮምፒውተር ፍቅር የላትም። «ያንን ሣጥን አንሣውና በቀጥታ ሞክረው» አለችኝ። አነሣሁት። ላፕቶፑን በቀጥታ ከሞደሙ ጋር ሳገናኘው ፎልደሩ ወዲያው ተከፈተ። ፍርዱ በዚያው ተሰጠ፤ ይግባኝም አልነበረው።

ፍርዱ ስሕተት ነበር ማለቴ አይደለም። ግን ሰርቨሩን፣ ማለትም ያንን አሮጌ ኮምፒውተር፣ ከመንገድ ማንሣት ችግሩ የት አካባቢ እንዳለ ይጠቁማል እንጂ ምን እንደሆነ አይናገርም። ያንን ሊናገር የሚችለው በሁለቱም በር ቆሞ የገባውንም የወጣውንም ያየ ምስክር ነው። ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ምስክር ያ የተወገዘው ሣጥን ብቻ ነው። ስለዚህ መልሼ ሰካሁት።

ፖስታ በፖስታ ውስጥ

የቪፒኤንን አሠራር ለመረዳት የአገራችንን የፖስታ ልማድ ማሰብ ይረዳል። እኛ ዘንድ ደብዳቤ በአብዛኛው ቤት ድረስ አይመጣም፤ ለድርጅቱ የፖስታ ሣጥን ቁጥር ይላክና መዝገብ ቤት ያለችው ሠራተኛ ለየክፍሉ ታድለዋለች። በቤት ኔትወርክም እንዲሁ ነው። እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ የውስጥ አድራሻ አለው፤ ለውጭው ዓለም የሚታየው ግን አንድ አድራሻ ብቻ ነው። ሊኑክስ ሰርቨሩ የመዝገብ ቤቷን ሥራ ይሠራል። ከውስጥ በሚወጣ ፓኬት (መረጃ ተቆራርጦ ሲላክ አንዱ ቁራሽ) ላይ የላኪውን አድራሻ ፍቆ የራሱን ይጽፋል፤ ማን ወደ ማን እንደላከ በመዝገቡ ያሰፍራል፤ መልሱ ሲመጣ መዝገቡን አገላብጦ ለባለቤቱ ያደርሳል። ባለሙያዎች ይህን ሥራ «ናት» ይሉታል። አንዱን ላኪ ከሌላው የሚለየውም በፖርት ቁጥር ነው፤ ፖርትን እንደ ቢሮ ቁጥር አስቡት።

ቪፒኤን ደግሞ ደብዳቤውን አሽጎ ሌላ ፖስታ ውስጥ መክተት ነው። በውስጠኛው ፖስታ ላይ «ለመሥሪያ ቤቱ የፋይል ሰርቨር» ተብሎ ተጽፏል፤ ይህን መንገድ ላይ ያለ ማንም አያነብበውም። በውጭኛው ላይ የተጻፈው «ለመሥሪያ ቤቱ የቪፒኤን በር» የሚል ብቻ ነው። ቪፒኤኑ የሚነሣው ከላፕቶፑ ከሆነ የቤታችሁ ሰርቨር የሚያየው የውጭኛውን ፖስታ ብቻ ነው። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፤ ኋላ ትመጣለች። ብዙ ሰው ሰርቨሩ ላይ ሊሠራ የማይችል መፍትሔ ሲሞክር ሌሊቱ የሚነጋበት ይህችን ረስቶ ነው።

«ተገናኝቷል» የሚለው ቃልስ ምን ያረጋግጣል? በአብዛኞቹ ቪፒኤኖች ላፕቶፑና የመሥሪያ ቤቱ በር መተዋወቃቸውንና ቁልፍ መለዋወጣቸውን ነው። ይህ በጥቂት ፓኬቶች የሚያልቅ ሰላምታ ነው። ከሰላምታው በኋላ ዕቃ ማለፉን ግን ማንም ገና አልመሰከረም።

በሁለቱ በሮች ላይ መቆም

ቲሲፒደምፕ የሚባል የቆየ መሣሪያ አለ። በአንድ የኔትወርክ ካርድ የሚያልፈውን እያንዳንዱን ፓኬት በአንድ በአንድ መስመር ይጽፋል። ሰርቨሩ ላይ ሁለት መስኮት ክፈቱና በአንዱ የውስጠኛውን ካርድ፣ በሌላው የውጭኛውን እንዲከታተል እዘዙት። በሁለቱም ላይ የመሥሪያ ቤቱን የቪፒኤን አድራሻ ብቻ እንዲያሳይ ገድቡት፤ አለበለዚያ የልጆች ቪዲዮ ጎርፉን ያወርድባችኋል። ሞደሙ ራሱ የሚልካቸውን የአይሲኤምፒ መልእክቶችም (የኔትወርክ ዕቃዎች ስለ መንገዱ ችግር የሚላላኳቸውን ማስታወሻዎች) ጨምሩበት፤ ምክንያቱን በኋላ ታዩታላችሁ። ከዚያ ላፕቶፑ ላይ ቪፒኤኑን አስነሡ።

ፓኬቱ በውስጠኛው በር ጭራሽ ካልታየ ከላፕቶፑ አልወጣም፣ ወይም ላፕቶፑ ሳታውቁት ሌላ ዋይፋይ ይዟል። በውስጠኛው ታይቶ በውጭኛው ካልወጣ ሰርቨሩ ውጦታል። በውጭኛው ወጥቶ ምንም መልስ ካልመጣ ጉዳዩ ከሰርቨሩ ባሻገር ነው፤ ሰርቨሩን መነካካት አቁሙና ለመሥሪያ ቤቱ የአይቲ ክፍል ደውሉ። መልሱ በውጭኛው በር ደርሶ ወደ ውስጥ ካላለፈ ደግሞ እንደገና ተጠያቂው ሰርቨሩ ነው።

ይህ ዘዴ የሚያስተማምነው በአንድ ምክንያት ነው። ቲሲፒደምፕ የሚገባውን ፓኬት የሚያየው የሰርቨሩ ፋየርዎል (ፓኬቶችን በሕግ የሚያሳልፍና የሚከለክል ጥበቃ) ሳይነካው በፊት ነው፤ የሚወጣውን የሚያየው ግን ፋየርዎሉ ካሳለፈው በኋላ ነው። ስለዚህ በሁለቱ መስኮቶች መካከል የጎደለ ነገር ካለ የጎደለው በእናንተው ቤት ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ ዋየርጋርድ የተባለውን ቪፒኤን ለሚጠቀሙ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ዋየርጋርድ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 ከወጣው 5.6 የከርነል (የሊኑክስ እምብርት) እትም ጀምሮ የሊኑክስ አካል ሆኗል፤ ፈጣንና ቀላል ነው፤ ግን ለማያውቀው ሰው ሰላምታ አይመልስም። ቁልፉ በአንዲት ፊደል ከተሳሳተ «ተሳስተሃል» አይልም፤ ዝም ይላል። ይህ ዝምታ ከተዘጋ መንገድ ጋር በመልክ አንድ ነው። ስለዚህ መልስ ሲጠፋ መንገዱን ከመጠርጠር በፊት ቁልፉን ፊደል በፊደል አመሳክሩ።

ሰርቨሩ ሲውጠው

ሊኑክስ እንደተጫነ የሌላን ሰው ፓኬት ከአንድ ካርድ ወደ ሌላው ለማሳለፍ አልተፈቀደለትም። ፈቃዱ «አይፒ ፎርዋርድ» የሚባል አንድ ቁጥር ነው፤ 0 ከሆነ አያሳልፍም፣ 1 ከሆነ ያሳልፋል። ይህን ቁጥር በትእዛዝ ብቻ ቀይሮ በቅንብር ፋይል ውስጥ ያልጻፈ ሰው መብራት እስኪጠፋ ድረስ ደኅና ይኖራል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሰርቨሩ ከመጀመሪያው ይነሣል፣ ቁጥሩም ወደ 0 ይመለሳል። ይህን መፈተሽ ሁለት ሰከንድ ስለሚወስድ መጀመሪያ አድርጉት።

ከዚህ የረቀቀች ወጥመድ ግን አለች። የቤት ሰርቨር ያለው ሰው ብዙ ጊዜ ፕሮግራሞችን በየራሳቸው ክፍል የሚያስኬደውን ዶከርንም ጭኖበታል። ዶከር ሲነሣ ማሳለፉ ተዘግቶ ካገኘው ራሱ ይከፍተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ከወጣው 1.13 እትሙ ጀምሮ ግን ሲከፍተው አብሮ የፋየርዎሉን የማሳለፊያ ሰንሰለት መሠረታዊ ውሳኔ ከ«አሳልፍ» ወደ «ጣል» ይቀይረዋል። አሁን የሚሆነውን ተመልከቱ። ባለቤቱ ቁጥሩን ያያል፤ 1 ነው፤ ልቡ ያርፋል። አብዛኛው የኢንተርኔት ፓኬት ለሚጓዝባቸው ለቲሲፒና ለዩዲፒ የመጓጓዣ ደንቦች ቀደም ሲል በግልጽ የፈቀደላቸው ሕግ ስላለ ድረ ገጽ ይከፈታል፣ ቪዲዮ ይታያል። በግልጽ ያልተፈቀደላቸውና እስከ ትናንት በመሠረታዊው ውሳኔ ብቻ ያልፉ የነበሩት ግን ሳይሰሙ ይወድቃሉ። «ኢንተርኔቱ ደኅና ነው፣ ቪፒኤኑ ብቻ ነው የተበላሸው» ከሚሉት አቤቱታዎች አንዱ የሚወለደው እዚህ ነው።

በዚህ መንገድ ቀድሞ የሚወድቀው ፒፒቲፒ የሚባለው አሮጌ ቪፒኤን ነው። ፒፒቲፒ ሰላምታውን በቲሲፒ ፖርት 1723 ያደርጋል፤ ዕቃውን የሚጭነው ግን ጂአርኢ በተባለ፣ በቁጥር 47 በሚታወቅ ሌላ ፕሮቶኮል ነው። ጂአርኢ ፖርት የለውም። የቢሮ ቁጥር ያልተጻፈበት ደብዳቤ ለመዝገብ ቤቷ ሲደርሳት ለማን እንደምትሰጠው አታውቅም፤ ባልና ሚስት ከአንድ ቤት ወደ አንድ መሥሪያ ቤት በፒፒቲፒ ቢገናኙ ደግሞ ጭራሽ ይደባለቅባታል። ሊኑክስ ለዚህ የሚረዱ ሞጁሎች አሉት፤ ሆኖም ከከርነል 4.7 ወዲህ እነዚህ ረዳቶች ሳይታዘዙ ሥራ አይጀምሩም፤ በሕግ መመደብ አለባቸው። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ግንኙነቱ ይጀምርና «የይለፍ ቃል በማረጋገጥ ላይ» የሚለው ጽሑፍ ላይ ተገትሮ ይቀራል። የይለፍ ቃሉ የሚሄደው በጂአርኢው ውስጥ ስለሆነ ነው እንጂ የይለፍ ቃሉ ምንም አልሆነም።

በበኩሌ ፒፒቲፒን ለማዳን ከአንድ ሰዓት በላይ አላጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2012 ሞክሲ ማርሊንስፓይክና ዴቪድ ሃልተን የይለፍ ቃል ማረጋገጫውን በአንድ ቀን ገደማ መስበር እንደሚቻል አሳይተዋል፤ አፕል በ2016 ከስልኮቹና ከኮምፒውተሮቹ አውጥቶታል። መሥሪያ ቤታችሁ ዛሬም በእሱ የሚሠራ ከሆነ የሚጠገነው የእናንተ ሰርቨር አይደለም።

አይፒሴክ የተባለው ሌላ ቪፒኤንም በመጀመሪያ ተመሳሳይ ችግር ነበረበት፤ ኢኤስፒ የተባለው ዕቃ ጫኙ ቁጥር 50 ነው፣ ፖርትም የለውም። እ.ኤ.አ. በ2005 የጸደቀው መፍትሔ ኢኤስፒውን በዩዲፒ ፖስታ ውስጥ እንደገና መክተት ነበር። ሁለቱ ወገኖች በፖርት 500 ሰላምታ ይጀምራሉ፤ በመካከላቸው ናት እንዳለ ሲረዱ ወደ ፖርት 4500 ይዛወራሉ። በሁለቱ መስኮቶቻችሁ ላይ በ500 ጥቂት ልውውጥ አይታችሁ በ4500 ግን የሚወጣ ብቻ፣ የሚመለስ የሌለ ከሆነ፣ አንድ ሰው የሆነ ቦታ አንዱን በር ከፍቶ ሌላውን ረስቷል። ያ ሰው እናንተ አለመሆናችሁን መጀመሪያ አረጋግጡ።

መዝገቡ ሲሰረዝ

ቪፒኤኑ እየሠራችሁበት ሳለ ደኅና ሆኖ፣ ለአቦል ተነሥታችሁ ስትመለሱ ሞቶ ከጠበቃችሁ፣ የመዝገቡ ነገር ነው። ሰርቨሩ ያሰፈረውን መዝገብ ለዘለዓለም አያስቀምጥም። ሊኑክስ ለአንድ ቲሲፒ ግንኙነት አምስት ቀን ይታገሣል፤ ለዩዲፒ ግን መልስ ካልታየበት 30 ሰከንድ፣ ወዲያና ወዲህ ከተመላለሰ 120 ሰከንድ ብቻ፣ በቆዩ ከርነሎች ደግሞ 180። ቪፒኤኖች አብዛኛውን ጊዜ በዩዲፒ ነው የሚሄዱት። ሁለት ደቂቃ ዝም ካላችሁ መዝገቡ ይሰረዛል፤ ከመሥሪያ ቤቱ የሚመጣው ፓኬትም «የማን ነህ?» ተብሎ በር ላይ ይቀራል።

መድኃኒቱ ዝም አለማለት ነው። አይፒሴክ በናት ሲያልፍ በየ20 ሰከንዱ «አለሁ» የምትል አንዲት ትንሽ ፓኬት መላክ የተለመደ አሠራሩ ነው። ዋየርጋርድ ግን ይህን የሚያደርገው ስታዝዙት ብቻ ነው፤ የተለመደው ቁጥር 25 ሰከንድ ነው። ሰርቨሩ ላይ ጊዜውን ማርዘም እንደሚቻል አውቃለሁ፤ ከሰርቨሩ ፊት ያለው ሞደም ግን የራሱ መዝገብ አለው፣ አቅራቢው ዘንድም ሌላ መዝገብ ሊኖር ይችላል። ከሁሉም የሚያጥረው ነው የሚወስነው። ስለዚህ ከላፕቶፑ ወገን «አለሁ» ማለት ይሻላል።

በሩ ስምንት ባይት ሲጠብብ

አሁን ወደ እኔ ሰኞ እንመለስ። የእኔ ችግር ይህ አልነበረም፤ ግንኙነቱ አልሞተም፤ ትንሹ ያልፋል፣ ትልቁ ይቀራል። መግባት ይቻላል፣ አጭር መልእክት ይሄዳል፣ ትልቅ ፎልደር ግን አይከፈትም። እንዲህ ያለ ምልክት ስታዩ ሌላውን ሁሉ ተዉና የበሩን ስፋት ለኩ።

በተለመደው የኔትወርክ ገመድ ላይ አንድ ፓኬት እስከ 1500 ባይት ሊሆን ይችላል። ብዙ የፋይበርና የዲኤስኤል መስመሮች ግን ፒፒፒኦኢ በሚባል ዘዴ ስለሚሠሩ 8 ባይት ለራሳቸው ይወስዳሉ፤ የቀረው 1492 ነው። ቪፒኤኑ ደግሞ የራሱን ፖስታ ይጨምራል። ለምሳሌ ዋየርጋርድ በአይፒ (የኢንተርኔት አድራሻ ደንብ) ስሪት 4 ላይ 60 ባይት፣ በስሪት 6 ላይ 80 ባይት ይጨምራል፤ የውስጠኛውን ፓኬት በ1420 የሚገድበውም ከ1500 ላይ 80ን ቀንሶ ነው። ይህን ስሌት በትክክል ያልሠራ ቪፒኤን የሚያወጣው ፖስታ ከበሩ በጥቂት ባይት ይበልጣል።

ፓኬቱ ከበሩ ሲበልጥ ምን መሆን አለበት? ላኪው «አትቁረጡብኝ» የሚል ምልክት ካደረገበት ጠባቡ በር ላይ ያለው ራውተር ይጥለውና ለላኪው «በጣም ትልቅ ነው፣ እዚህ የሚያልፈው 1492 ብቻ ነው» የሚል ማስታወሻ ይመልስለታል። ማስታወሻው የሚላከው በአይሲኤምፒ ነው። ላኪው አንብቦ ያሳንሳል፤ ነገሩ በሰከንድ ክፋይ ያልቃል፤ ማንም አያውቅም። ማስታወሻው ከጠፋ ግን ላኪው ያንኑ ትልቅ ፓኬት ደጋግሞ ይልካል፣ በሩም ደጋግሞ ይጥለዋል፣ የመጠበቂያዋ ክብም ትዞራለች።

በውጭኛው መስኮት ያየሁት ይህንን ነው። 1496 ባይት የሆነ ፓኬት ይወጣል። ሞደሙ ወዲያው ይመልሳል፦ 1492። ፓኬቱ እንደገና ይወጣል፤ ሞደሙም እንደገና ይመልሳል። ዓይኔን ወደ ውስጠኛው መስኮት አዞርኩ። ማስታወሻው እዚያ የለም። ሞደሙ በትጋት የሚጽፈውን ደብዳቤ ሁሉ የእኔው ጥበቃ በር ላይ እየተቀበለ ይቀድዳል።

ሕጉን ያወጣሁት ራሴ ነበርኩ። ሰርቨሩን በተከልኩበት ዓመት «ከውጭ የሚመጣ አይሲኤምፒ ሁሉ ይጣል» የሚል መስመር ጽፌ ነበር፤ ሰዎች ፒንግ እንዳያደርጉኝ፣ ማለትም «አለህ ወይ?» የሚል አጭር ፓኬት እንዳይልኩብኝ፣ ለደኅንነት ብዬ። ሦስት ዓመት ማንንም አልነካም። ታዲያ ለምን ያን ሰኞ? የመሥሪያ ቤቱ አይቲ ክፍል በእሑድ ሌሊት የቪፒኤኑን ቅንብር አድሶ ነበር፤ የቀድሞው ቅንብር ፓኬቱን በሰፊው ያሳንሰው ነበር፣ አዲሱ ግን እስከ ጠርዝ ይሞላዋል። በቀጥታ ከሞደሙ ጋር ስገናኝ ለምን እንደሠራም አሁን ግልጽ ነው፦ ማስታወሻው ያለ ከልካይ ላፕቶፑ ዘንድ ደረሰ።

አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ እኔን ያስቸገረኝም ይኸው ነበር። ያ ሕግ እያለ ድረ ገጾችና ቪዲዮዎች ሦስት ዓመት እንዴት ሠሩ? መልሱ «ያዙልኝ» ባልኳት ነጥብ ውስጥ አለ። ሁለት ኮምፒውተሮች በቲሲፒ ሲነጋገሩ ገና በሰላምታው እያንዳንዳቸው «ከዚህ የሚበልጥ ቁራሽ አትላክልኝ» ይላሉ፤ የተለመደው ቁጥር 1460 ነው። በመካከል ያለ ራውተር ይህን ሰላምታ አንብቦ ቁጥሩን 1452 አድርጎ ሊያርመው ይችላል፤ የእኔ ሞደም ያደርገው ነበር። ስለዚህ ትልቅ ፓኬት ከመጀመሪያውም አይወለድም። በቪፒኤን ውስጥ ያለው የቲሲፒ ሰላምታ ግን በታሸገው ፖስታ ውስጥ ነው። ሞደሙም ሰርቨሩም አያዩትም፣ ሊያርሙትም አይችሉም። ሰዎች «ቁራሹን የሚያሳንሰውን ሕግ በሰርቨሩ ላይ ጨምር» ሲባሉ ይጨምራሉ፤ ምንም አይለወጥም፤ ግራ ይገባቸዋል። ያ ሕግ የሚጠቅመው ቪፒኤኑን የሚያነሣው ሰርቨሩ ራሱ ሲሆን ነው፤ ያኔ ደብዳቤው ሳይታሸግ በእጁ ያልፋልና።

ሰርቨሩ ላይ የሚደረገው እንግዲህ አንድ ነገር ነው፦ «በጣም ትልቅ ነው» የሚለውን ማስታወሻ ማሳለፍ። ከነባር ግንኙነት ጋር የተያያዘ ፓኬት ሁሉ ይለፍ የሚለው የተለመደ ሕግ ይህን ማስታወሻም ይሸፍናል፤ ከክልከላው መስመር በላይ መቀመጡን ብቻ አረጋግጡ፤ የእኔ ከሥር ነበር። ላፕቶፑ ላይ ደግሞ የቪፒኤኑን የፓኬት መጠን ወደ 1400 ዝቅ ማድረግ ይቻላል። አሁንም ካቃተ 1280ን ሞክሩ፤ የስሪት 6 ደንብ ማንኛውም መስመር ከዚያ ያነሰ እንዳይሆን ያስገድዳል። በነገራችን ላይ በስሪት 6 መንገድ ላይ ያለ ራውተር ፓኬት ጭራሽ አይቆርጥም፤ የዚያን አይሲኤምፒ የከለከለ ሰው ከእኔ የባሰ ሰኞ ይጠብቀዋል።

ስፋቱን ራሳችሁ መለካት ብትፈልጉ ከሰርቨሩ ላይ «አይቆረጥ» በሚል ምልክት 1472 ባይት የጫነ ፒንግ ላኩ። የራሱ መጠቅለያ 28 ባይት ስለሆነ ድምሩ 1500 ይመጣል። ይህ ወድቆ 1464 ካለፈ በራችሁ 1492 ነው።

የቤት ቁጥር «አዲስ»

አዲስ አበባ ውስጥ ቅጽ የሞላ ሰው ያውቀዋል፤ የቤት ቁጥር በሚለው ቦታ ላይ ግማሹ ከተማ «አዲስ» ብሎ ይጽፋል። በኔትወርክ ዓለም 192.168.1 የሚለው አድራሻ እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ለግል ኔትወርኮች የተመደቡት አድራሻዎች በሚሊዮን የሚቆጠሩ ናቸው፤ ሆኖም ሞደም አምራቹም፣ የቤት ባለቤቱም፣ አንዳንዴም የመሥሪያ ቤቱ ባለሙያ ያችኑ ይመርጣሉ። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ የፋይል ሰርቨሩ 192.168.1.20 ከሆነና ቤታችሁም በዚያው አድራሻ የሚጠራ ከሆነ፣ ላፕቶፑ የፋይል ሰርቨሩን ጎረቤት ክፍል ውስጥ ይፈልገዋል። ቪፒኤኑ ደኅና ነው፤ ፓኬቱ ወደ ቪፒኤኑ ጭራሽ አልገባም። በሁለቱ መስኮቶችም የሚታይ ነገር የለም። መፍትሔው የቤቱን አድራሻ መቀየር ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ለእናንተ ብሎ አይቀይርም። ከ10 ከሚጀምረው ሰፊ ክልል መካከል ማንም የማያስታውሰውን ቁጥር ምረጡ። ላፕቶፑ ላይ ዶከር ካለ እሱም 172.17ን እንደያዘ አስታውሱ።

የስም ጉዳይ ደግሞ አለ። የፋይል ሰርቨሩ በቁጥር ሲጠራ ተከፍቶ በስሙ ሲጠራ ካልተከፈተ መንገዱ ንጹሕ ነው፤ የጠፋው ስሙ ነው። ላፕቶፑ ስሙን የሚጠይቀው ስምን ወደ ቁጥር የሚተረጉመውን የመሥሪያ ቤቱን ዲኤንኤስ ሳይሆን የቤቱን ሰርቨር ነው፤ የቤቱ ሰርቨር ደግሞ ያንን ስም ሰምቶ አያውቅም። ማስታወቂያ የሚያግድ ዲኤንኤስ ቤታቸው የተከሉ ሰዎች ይህ በተለይ ያገኛቸዋል። የመሥሪያ ቤቱን ስሞች ብቻ ወደ መሥሪያ ቤቱ ዲኤንኤስ እንዲልክ ላፕቶፑን ማዘዝ ይበቃል። «የለም» የሚለውን መልስም ላፕቶፑ ለጥቂት ጊዜ ስለሚያስታውሰው ካስተካከላችሁ በኋላ ወዲያው ባይሠራ አትደንግጡ።

ሰዓቱንም በዚሁ ተመልከቱት። በአሮጌ ኮምፒውተሮች ውስጥ ያለችው የሳንቲም ቅርጽ ባትሪ ስትሞት መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል። ቪፒኤኑን የሚያነሣው ሰርቨሩ ራሱ ከሆነ የመሥሪያ ቤቱን ሰርቲፊኬት «ገና አልተወለደም» ብሎ አይቀበለውም።

ለአይቲ ክፍሉ ምን እንደሚላክ

«ቪፒኤኑ አይሠራም» የሚል መልእክት ለአይቲ ክፍል ሠራተኛ ምንም አይነግረውም። እኔ የላክሁለት አራት መስመር ነበር፦ የተከሰተበት ሰዓት፣ የወጣው ፓኬት መጠን 1496፣ የሞደሙ መልስ 1492፣ ከቤቴ ሰርቨር በሁለቱም በር ያየሁት። ሰዓቱን ስትጽፉ ተጠንቀቁ። የብዙ ሰርቨሮች ሎግ (የክንውን መዝገብ) የሚጻፈው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው፤ ከእኛ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ነው፤ እኛ ደግሞ ቀኑን የምንቆጥረው ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። ሎጉ ላይ 6 ሰዓት የሚል መስመር በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። ይህን ሳላስብ በመጀመሪያው መልእክቴ የጻፍኩት ሰዓት የአይቲ ክፍሉን ልጅ የሌላ ሰዓት ሎግ ሲያገላብጥ አውሎታል።

በማግሥቱ የአይቲ ክፍሉ የፓኬቱን መጠን ለሁሉም ሠራተኛ ዝቅ አደረገው። እኔም የሰርቨሬን ሕጎች ቅደም ተከተል አስተካከልኩ። ያችን የክልከላ መስመር አልሰረዝኳትም፤ አጠገቧ በራሴ እጅ «ለጥንቃቄ» የሚል ማስታወሻ ስለነበረ ከሥራ ውጭ አድርጌ ቀኑን ከሥሯ ጻፍኩበት። ባለቤቴ እስከ ዛሬ የምታውቀው ጥፋተኛው ሣጥኑ እንደነበረ ነው፤ እኔም አላረምኳትም።